በጎንደር አሮጌ ወርክሾፕን ለአዲስ አገልግሎት ማዋል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ጋራዥ ወርሰው፣ ተከራይተው ወይም ዓይናቸውን ጥለውበት «ምን ላድርገው?» ከሚሉ ሰዎች የተለቀሙ ጥያቄዎች ናቸው።

«ታሪካዊ ወርክሾፕ» ሲባል የትኛው ቤት ነው?

ጎንደር ላይ «ታሪካዊ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ግንቡን ነው። አይፈረድበትም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ የተሠራው ግንብ ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ቅርብ ዘመን ቤት ነው። ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 እጁን እስኪሰጥ ድረስ ጎንደርን ይዞ ነበር። የከተማውን ፕላን ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት አወጣ። የፒያሳው ሲኒማና ፖስታ ቤት የዚያ ጊዜ ሥራዎች ናቸው። በመኪና የመጣ ጦር ደግሞ ጋራዥ፣ የብረት ሥራ ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤት ያስፈልገዋል።

ቤቱን በመልኩ ትለዩታላችሁ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። መሃሉ ላይ ኮለን (ምሰሶ) የለም፤ ጣሪያውን ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ ካፕሪያታ፣ ማለትም ባለ ሦስት ማዕዘን የጣሪያ ተሸካሚ፣ ይሸከመዋል። መስኮቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ በሩ መኪና ያስገባል። የሠራተኛው ቋንቋም ምስክር ነው፦ ላሜራ፣ ሞርሳ (ብረት ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ)፣ ፌሮ፣ ጎሚስታ፣ ካፕሪያታ። ሁሉም ከጣሊያን አፍ የቀሩ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «የጣሊያን ነው» የተባለ ሁሉ የጣሊያን አይደለም። በኋላ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ፣ በዚያው ስልት የተሠራም አለ። ለእድሳቱ ያን ያህል ለውጥ የለውም።

ለምን አፍርሼ ጂ ፕላስ ፎር አልሠራም?

ሂሳቡ ሁልጊዜ ለአሮጌው ያደላል ብዬ አልዋሽም። መሃል ከተማ ላይ ቦታው ከቤቱ ይበልጥ ይወደዳል። ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ፌሮው ወደ ሰማይ እንደቆመ፣ ዓመት ዓመትን እየወለደ ያልተጠናቀቀ ስንት ፎቅ አለ? ወርክሾፕ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው አለ። ግማሹን ከፍታችሁ እየሠራችሁ ግማሹን ማደስ ትችላላችሁ። ጂ ፕላስ ፎር ግን ካላለቀ ሳንቲም አያመጣም።

ሌላው፣ እንዲህ ያለ ቤት ዛሬ ልሥራ ብትሉ አትችሉትም። አምስት ሜትር ከፍታና ኮለን የሌለው አዳራሽ በአሁኑ የብረት ዋጋ ማን ይሠራላችኋል?

ለምን ዓይነት ሥራ ይሆናል?

ቤቱን ጠይቁት። ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ከላይ ብርሃን ይገባዋል፣ ወለሉ ከባድ ነገር ይሸከማል። እንግዲህ ለእነዚህ የሚስማማ ሥራ ፈልጉ፦ ካፌ፣ ዳቦ ቤት፣ የሥዕል ማሳያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሽመና ወይም የሸክላ ማሠልጠኛ፣ የስብሰባ አዳራሽ። የማይሆነው እንግዳ ማረፊያ ነው። አሥር መኝታ ክፍል ለማውጣት በብሎኬት ስትከፋፍሉት ከፍታውም ብርሃኑም ይጠፋል። የሚቀራችሁ አሥር ጨለማ ሣጥን ነው።

ይህ እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። ኢስታንቡል ውስጥ የመርከብ መልሕቅ ይቀልጥበት የነበረ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንዱስትሪ ሙዚየም ሆኗል። ለንደን ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረው ሕንፃ ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ የሥዕል ቤት ነው፤ ኬፕታውን የእህል ጎተራዋን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲሁ አድርጋዋለች። እኛም ዘንድ ራስ ግንብ የመኳንንት መኖሪያ ነበር፣ በደርግ ጊዜ ሰው ታሰረበት፣ በኋላ ሙዚየም ሆነ። ቤት ዕድሜ ከሰጠው ሥራውን ይቀይራል።

ፈቃድ ከማን ነው የማወጣው?

ሁለት በር ታንኳኳላችሁ። አንደኛው የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ምድር ቤት ናት፣ ቀላል ናት» ይላል። ነገር ግን በአዋጁ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ የሕዝብ መገልገያና ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ሕንፃ አንድ ላይ ምድብ «ሐ» ውስጥ ነው የተቀመጡት። ጥብቁ ምድብ ማለት ነው። አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት ብታደርጉትም ከዚያው አይወጣም። የአገልግሎት ለውጡም ራሱን የቻለ ፈቃድ ይፈልጋል። አዋጅ ይሻሻላልና አሁን የሚሠራበትን መመሪያ ከክፍሉ በእጃችሁ ተቀበሉ።

ሁለተኛው በር የከተማው ባህልና ቱሪዝም ነው። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ማደስም ማንሳትም አይቻልም። ቤታችሁ ተመዝግቦ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ለግንቡ አጥር የቀረበ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዙሪያው የሚቆም ነገር ሁሉ ዓይን ውስጥ ይገባል።

አንድ ምክር። «ሂድ ሥራ፣ ችግር የለም» የሚል የቃል ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ያለው ሰው ነገ ይዛወራል። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያዙ። ቤቱን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ።

ቤቱ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ከሆነስ?

ብዙዎቹ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ያኔ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ስለዚህ አንድ ወርክሾፕ ብዙ ጊዜ ሦስት ታሪክ አለው፦ መዝገቡ የሚለው፣ «የአባታችን ነበር» የሚለው ቤተሰብና ሃያ ዓመት የተከራየው ሰው። ሦስቱንም ሳትሰሙ ብር አታውጡ።

ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ ጣሪያ አትቀይሩ። ቀለም ቀብታችሁ ሥሩ፣ ይበቃል። ጣሪያና ግድግዳ የምትነኩት የረጅም ጊዜ ውል ስትይዙና ወጪው ከኪራዩ ይቀነስ አይቀነስ በጽሑፍ ሲሰፍር ብቻ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ወለሉንም መብራቱንም ከሠራ በኋላ ኪራዩ «ቤቱ አምሯል» ተብሎ ተጨመረበት። ያሳመረው እሱ፣ የከፈለውም እሱ።

ግድግዳውን በሲሚንቶ ብለስነው ምን ችግር አለው?

ይህ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የድሮ የድንጋይ ግድግዳ ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ወይም ጭቃ ከሆነ ይተነፍሳል። በክረምት ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ በመገጣጠሚያው በኩል መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ስትለስኑበት መውጫውን ዘጋችሁት። ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይታሰራል። መጀመሪያ ቀለሙ ይቆስላል፣ ቀጥሎ ልስኑ እንደ ቂጣ ተነስቶ ይወድቃል፣ ከዚያ ድንጋዩ ራሱ ይላጣል። ሁለት ክረምት ይበቃዋል።

ማስረጃ ሩቅ አትሂዱ። ጣሊያኖች ራሳቸው ግንቡን ሲጠግኑ ሲሚንቶና ፌሮ ኮንክሪት ተጠቀሙ። ትክክል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ጥገና ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተካ። በቅርቡም ፋሲል ግንብ ሲታደስ ኖራው ነጣ ብሎ ቢታይ ሰው «ግንባችንን ቀለም ቀቡት» ብሎ ደንግጦ ነበር። የለመድነው መልክ ሲቀየር መደንገጥ ያለ ነው፤ ኖራ ግን ለግንቡ ባዕድ አይደለም። ግንቡ ሲሠራም ማያያዣው እሱ ነው።

ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ድንጋዩ 900 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ሳምንታት ይከርማል። በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጥሩ መነሻ ነው። በጠራራ ፀሐይ አትለስኑ፤ የለሰናችሁትን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲገባበት ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋልና መነጽር ግዴታ ነው። ዛሬ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘት ከባድ ነው። ከተገኘ ሽማግሌ ነው የሚሆነው። ሁለት ወጣት አብሯቸው አሠሩ።

አንድ ጠመዝማዛ ነገር አለ። አንዳንዱ ወርክሾፕ ሲሠራ ጀምሮ ሲሚንቶና ኮንክሪት ያለበት ነው። እሱን በኖራ ልጠግን ማለትም ስህተት ነው። በምስማር ጫር አድርጉት። ነጣ ብሎ የሚፈረፈር ከሆነ ኖራ ነው፤ ግራጫ ሆኖ ምስማሩን የሚመልስ ከሆነ ሲሚንቶ ነው። ኖራውን በኖራ፣ ኮንክሪቱን በኮንክሪት።

ወለሉ የሞተር ዘይት ጠጥቷል፤ ይጸዳል?

ሙሉ በሙሉ፣ አይጸዳም። ስድሳ ሰባ ዓመት የጠጣውን በአንድ ሳምንት አይተፋም። እኔ ራሴ በዚህ ተምሬያለሁ። ዘይት በጠጣ ወለል ላይ በቀጥታ ሴራሚክ አስነጠፍኩ። ስምንት ወር ሳይሞላው ሴራሚኩ እየተነሳ እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር። ዘይት ሲሚንቶን አያስይዝም።

የላላውን ቆሻሻ ፋቁት። ሰጋቱራ ነስንሳችሁ አሳድሩት፣ ጥረጉት፣ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና እሹት፣ ደጋግሙት። ያጠባችሁበትን ውሃ ወደ መንገድ ቦይ አትልቀቁ፤ ሰጋቱራውንም ምድጃ ውስጥ አትክተቱ። በጣም የጠጣውን ቦታ ቆርጣችሁ አውጡና አዲስ ሙሉ። ጥቁር ነጠብጣቡ ቢቀር አትጨነቁ። የቤቱ መታወቂያ ነው።

መካኒኩ መኪናን ከሥር የሚያይበት ጉድጓድ ካለ በፍርስራሽ አትሙሉት። ወፍራም ጣውላ ወይም መስተዋት ክደኑበት፤ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። መጀመሪያ ግን አየር አስገቡበት። የቤንዚን ሽታ ካለ ማንም በክብሪት እንዳይገባ።

ጣሪያው ምን ይደረጋል?

ቆርቆሮ ከሆነ ቀላል ነው። የዛገውን ብቻ ቀይሩ፣ ካፕሪያታውን አትንኩ። እንጨቱን ምስጥ በልቶት እንደሆነ ግድግዳው ውስጥ የገባውን ጫፍ ፈትሹ፤ የሚበሰብሰው እዚያ ጋ ነው። ለጎንደር ደግሞ የድምፅ ጉዳይ አለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርደው ደንበኛችሁ «ማኪያቶ» ቢል «ምን?» ነው የምትሉት። ሙሉ ኮርኒስ ብታደርጉ ደግሞ የቤቱ ውበት ተሸፈነ። ችፑዱን (የኮርኒሱን ሰሌዳ) ከጣሪያው ሞራሎች መሃል ግጠሙት። ድምፁም ይቀንሳል፣ ካፕሪያታውም ይታያል።

ክዳኑ ግራጫ፣ ሞገድ ያለው፣ ሲሚንቶ የሚመስል ከሆነ ግን ቁሙ። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ሳይሰበር ከቆየ ብዙ አይጎዳም። አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ በደረቁ አትጥረጉት። መነሳት ካለበት በውሃ እየረጠበ፣ ሳይሰበር፣ ደህና ማስክ ባደረገ ሰው ይነሳ። የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክ ለዚህ አይሆንም። ለጎረቤት የዶሮ ቤት ብላችሁም እንዳትሰጡት።

መቼ ልጀምር? ገንዘቡንስ በምን ቅደም ተከተል ላውጣ?

መስቀል ሲያልፍ ጀምሩ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጣሪያ መክፈትም ኖራ ማድረቅም ይቻላል። ጥምቀት ሰሞን ግን ሠራተኛ አታገኙም፤ እናንተም አትሠሩም።

ብሩ በዚህ ተራ ይውጣ፦ ጣሪያ፣ የውሃ መውረጃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሽንት ቤት። ቀለምና የጌጥ መብራት መጨረሻ ነው። ሰው የሚገለብጠው ይህንን ነው፤ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ስለሆነ። ከበጀታችሁ አንድ አምስተኛውን ለድንገተኛ ያዙ፤ አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ዝም አይልም። ወርክሾፑ ስሪ ፌዝ (ከባድ ማሽን የሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሪክ) መስመር ካለው ደግሞ ደስ ይበላችሁ። አታስነሱት። ለዳቦ ምድጃም ለቡና ማሽንም ይጠቅማችኋል።

ውስጡ አሁንም የሚሠሩ መካኒኮች አሉ። እነሱስ?

ይህን ቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። ቤቱን ዕድሜ የሰጡት እነሱ ናቸው። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የመቱት፣ በሩን ቅባት ያስለመዱት። በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ «ውጡ» ማለት ሕጉ ቢፈቅድም ሰፈሩ አይረሳላችሁም።

ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ጋሼን አስቀድሙ፤ ሁልጊዜ አንድ ጋሼ አለ፣ ሌሎቹ እሱን ነው የሚያዩት። ሌላ ቦታ ሲገኝ ማሽን ማጓጓዣውን ሸፍኑ። ቦታው ሰፊ ከሆነ አንዱን ጥግ ተዉላቸው። በግድግዳ የተለየ፣ የራሱ በር ያለው፣ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣ። ብየዳና ማኪያቶ አብረው አይሄዱም የሚል ካለ፣ ጎረቤት ሆነው ይሄዳሉ። አሮጌው ማሽን ሲበላሽ የሚያውቀው ሰው በር ላይ መኖሩም ትንሽ ነገር አይደለም።

ቱሪስት ቀንሷል፤ ያዋጣል?

በቱሪስት ላይ ብቻ ካሰላችሁት፣ አያዋጣም። ያለፉት ዓመታት ሁኔታ ይህንን በደንብ አስተምሮናል። መንገድ ሲዘጋ ባዶ ወንበር ቆጥረው የዋሉ ቤቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋችሁን በብር፣ ለጎንደሬ አውጡት። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት ከተከፈተ ጀምሮ ይህች ከተማ ተማሪ አጥታ አታውቅም። ተማሪ የሚያነብበት ጸጥ ያለ ቦታ፣ ዋይፋይና ርካሽ ሻይ ይፈልጋል። ቅዳሜ የቀለበት ፕሮግራም አለ። ለልቅሶና ለዕድር ስብሰባም አዳራሽ ይፈለጋል። ፈረንጁ ሲመለስ ጭማሪ ነው።

«ጋራዥ» የሚለውን ስም ባስቀረው አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። «ሰው ጋራዥ ውስጥ ቡና ይጠጣል እንዴ?» ይላሉ። እኔ ከዚህ ጥያቄ ሥር የቆየ ነገር ይሸተኛል። እኛ አገር ባለ እጅ ተንቆ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተባለ፣ ሸማኔው ተሰደበ፣ ሸክላ ሠሪዋ ከማዕድ ተለየች። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት የሠሩ፣ እንደ ወለቃ ባሉ መንደሮች ብረትና ሸክላ የሠሩ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ግንቡን እናደንቃለን፤ የገነባውን እጅ ግን ስም አልሰጠነውም። ወርክሾፑን አድሰን ወርክሾፕነቱን ብንደብቅ ያንኑ መድገም ነው።

ስለዚህ ስሙን ተዉት። ሰፈሩ «እገሌ ጋራዥ» ካለው፣ እናንተ «ሮያል» ብላችሁ ብትሰይሙትም ባጃጁ የሚያደርሰው በድሮው ስም ነው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ልኬት ካለ አትቀቡት። በሩ ላይ ያለውን ቁጥርም አትፋቁት። ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ ካገኛችሁ ሒሳብ መቀበያ አድርጉት። ልጆች እጀታውን እያዞሩ ይጫወቱበታል። ጣት እንዳይነክስ ብቻ አፉን በብሎን እሰሩት።